ለአባዬ፣ ከድሬ

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ግፊትህስ? አክስቴ ትናንት ደውላ ራስህን አዙሮህ ግድግዳ ይዘህ እንደቆምክ ነገረችኝ። ለእኔ ግን ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው። መድኃኒቱን ሲሻልህ እንዳታቋርጥ፣ እባክህ።

ቤቱን ገዛን። ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ ራቅ ይላል። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው ቀድሜ የጻፍኩልህ። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ትልቋ የራሷ ክፍል አላት። ትንሹ ጥርሱ ወልቆ «ለአያቴ አሳዩልኝ» እያለ አስቸግሮናል።

ፍለጋው ግን አድክሞናል። ከዚራ ሰፈር ያየነውን አንድ ቤት ሦስት ደላሎች በሦስት ዋጋ ነገሩን። ባለቤቱን አግኝተን ስንጠይቅ ከሦስቱም ያነሰ ነው። ልዩነቱን ለራሳቸው ሊያስቀሩ ነበር። ሌላው ካርታውን ሳያሳየን ቀብድ አምጡ አለ። «ገዥ ተሰልፏል፣ ዛሬ ካልከፈላችሁ ያመልጣችኋል» ይላል። ባለቤቴ ልቡ ሸፍቶ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ባንክ ይዞት ወይም ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ ሳይጣራ ብር አይወጣም። ሕጉ ቀብድ የሰጠ ገዥ ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጭ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል ይላል። ግን አንዴ የተበላን ብር ለማስመለስ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት መመላለስ ነው?

ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። ይህን ቤት ያገናኘን ሰውዬ የውሃውን ችግርም ሆነ ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ ራሱ ነው የነገረን። ኮሚሽኑን፣ 2 በመቶውን፣ ስከፍለው ደስ እያለኝ ነው።

ሰነዶች ማረጋገጫ ስንቀርብ ሻጩ ብቻውን መጣ። ሠራተኛዋ ወይ ሚስትህ ትምጣ፣ ወይ ውክልናዋን አምጣ ብላ መለሰችን። በትዳር የተፈራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ ድሬዳዋም የሚሠራበት። ሰው ሁሉ የሻጩን ሚስት ሲጠብቅ እኔ ስለ እማዬ ነበር የማስበው።

አባዬ፣ ከደቻቱ ጎርፍ በኋላ ቤታችንን ስትሸጥ እማዬ ፈርማለች?

ይህን ጠይቄህ አላውቅም። በ1999 ዓለማያ ትምህርት ላይ ነበርኩ። ለእረፍት ስመጣ በራችንን የከፈተችልኝ የማላውቃት ሴት ናት። እማዬ እስክታልፍ ድረስ «ቤቴ» ስትል ያንን ቤት ማለቷ ነበር። ፈርማ ከሆነ ለምን አንድም ቀን አላነሳችልኝም? ካልፈረመች ደግሞ በምን ውል ነው የተሸጠው? በመንደር ወረቀት?

ቤታችንን ያሸጠህ ደላላ የጎርፉ ጭቃ ሳይደርቅ መመላለስ እንደጀመረ ሰምቻለሁ። «ደቻቱ ዳር ያለ ቤት ከእንግዲህ ማን ይገዛል» እያለ ያስጨንቅህ ነበር አሉ። ሰው ሲፈራ ዋጋ እንደሚወርድ ያውቃል። ያን ክረምት ብዙ ሰው ሞቶብናል፣ መፍራትህ አይገርመኝም። ግን ለምን ሳትነግረን? ልጆች ስለሆንን? እኔ እኮ ያኔ ልጅ አልነበርኩም።

በምድር ባቡር ደመወዝ ሁላችንን አስተምረሃል። ያንን አልረሳሁም፣ አልረሳምም። ይህኛው ግን አልወጣልኝም፣ አባዬ።

ለአንተ ክፍል አዘጋጅተናል። ደረጃ የለውም፣ መጸዳጃው አጠገቡ ነው። ሳቢያን ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። የድሬ ሙቀት ይከብደኛል እንደምትል አውቃለሁ፤ ማራገቢያ ገዝተናል፣ ግቢው ውስጥም ጥላ አለ። ሐረር በኪራይ ቤት ብቻህን ሆነህ ሌሊት ብትወድቅ ማን ይሰማል? አክስቴ ቅርብ ናት፤ ግን እሷም ጉልበቷ ከድቷታል። ስልክህ ካልተነሳ እኔ ሥራ መሥራት አልችልም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ መኪና ይዞ ይመጣል። ደንገጎ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ያዞርሃልና ፊት ወንበር ተቀመጥ፣ ቁርስም ቀለል አድርግ። መድኃኒቶችህንና የሐኪም ቤት ካርድህን እንዳትረሳ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ካልክ ለሁለት ሳምንት ይሁን፣ አልጨቀጭቅህም።

የጠየቅኩህን በስልክ አትመልስልኝ። ስትመጣ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ንገረኝ።

ልጅህ