አባዬ፣ ስለጠየቁኝ ሰው

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ባለፈው ስንደዋወል «የእንግሊዝ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆየ? መጨረሻውስ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጽፍልዎ ወሰንኩ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ሮበርት ዋልፖል ይባላል፤ የኖርፎክ ባለርስት ልጅ ነው። በ1701 ፓርላማ ገባ። በ1712 ተቃዋሚዎቹ ከጦሩ የፈረስ መኖ ውል ጋር በተያያዘ በሙስና ከሰው ከምክር ቤቱ አባረሩት፤ ለንደን ታወር ውስጥም ለስድስት ወር ያህል ታሰረ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያበቃለት ነበር።

ላይ ያወጣው የገንዘብ ቀውስ ነው። ዕድሜዎን በሒሳብ መዝገብ ላይ ስላሳለፉ ይህን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ይረዱታል። ሳውዝ ሲ የተባለ ኩባንያ የመንግሥትን ዕዳ ወደ ራሱ አክሲዮን ሊለውጥ ተዋዋለ። በ1720 መጀመሪያ 128 ፓውንድ ገደማ የነበረው አክሲዮን በዓመቱ አጋማሽ ወደ 1,000 ተሰቀለ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ነበረበት ወረደ። ስንቱ ቤቱን አጣ! ሹማምንቱ አክሲዮን በጉቦ መልክ መቀበላቸውም ወጣ። ዋልፖል በ1721 ግምጃ ቤቱን ተረክቦ ገበያውን አረጋጋ፤ ከትልልቆቹ ጥፋተኞች ጥቂቱ ሲቀጣ ሌላውን ግን ከልሎ አስመለጠ። ይህን እኔ ይቅር አልለውም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ገዛ። ዘዴው ግልጽ ነው፤ ለደጋፊዎቹ ሹመትና ጡረታ ያድላል፣ የንጉሡን ሚስት ንግሥት ካሮላይንን ደጋፊው አድርጓል፣ እሱ ራሱ ደግሞ ገንዘብ የሚፈቀድበትን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አይለቅም። በ1733 በወይን ጠጅና በትምባሆ ላይ ኤክሳይዝ፣ ማለትም አገር ውስጥ የሚሰበሰብ የዕቃ ቀረጥ፣ ሊጥል ሲል ሕዝቡ «ቀረጥ ሰብሳቢ ጓዳችን ሊገባ ነው» ብሎ ተነሣ። በምክር ቤቱ የነበረው ብልጫ ወደ 17 ድምፅ ሲወርድበት ሕጉን ራሱ አነሣው።

የምወድለት ጦርነት መጥላቱን ነው። በ1734 አውሮፓ በፖላንድ ዙፋን ሲዋጋ አገሩን ከውጊያው አራቀ። ለንግሥቲቱም «ዘንድሮ በአውሮፓ ሃምሳ ሺህ ሰው አልቋል፤ አንድም እንግሊዛዊ የለበትም» አላት። ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ዳውኒንግ ስትሪት ያለውን ቤት በስጦታ ሲሰጡትም ለራሱ አላደረገውም፤ ሥልጣኑን ለሚይዝ ሁሉ ይሁን አለ። በ1735 ገባበት። በሩ ላይ ያለው የደብዳቤ ማስገቢያ ናስ ዛሬም የተቀረጸበት እሱ ይዞት የነበረው የግምጃ ቤቱ ቀዳማዊ ሎርድ የሚለው ማዕረግ ነው።

አወራረዱ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከእሱ በፊት የወደቀ ሹም ብዙ ጊዜ ወይ ታወር ይገባል ወይ ይሰደዳል፤ የቀድሞው ሚኒስትር ቦሊንግብሮክ በ1715 ወደ ፈረንሳይ ሸሽቶ የለ? በ1739 ዋልፖል ሳይወድ ከስፔን ጋር ጦርነት ተጀመረ፤ በምርጫም ደጋፊዎቹ ሳሱ። በ1742 መጀመሪያ ቺፕንሃም በተባለች ከተማ ምርጫ ላይ ምክር ቤቱ ባደረገው ክርክር በድምፅ ሲሸነፍ፣ በየካቲት ሥልጣኑን ለቀቀ። ኮሚቴ ተቋቁሞ የመጨረሻዎቹን ዐሥር ዓመታት መረመረ፤ ለክስ የሚበቃ ነገር ግን አላገኘበትም። የሎርድነት ማዕረግ ይዞ ወጣ፤ በ1745 ዕዳ ጥሎ ሞተ። ወታደር ሳይንቀሳቀስ፣ በድምፅ ቆጠራ ብቻ ከሥልጣን ወረደ! አባዬ፣ ይህን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ እርስዎም ለምን እንደሆነ ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን የእርስዎን ፍርድ እፈልጋለሁ። በ1717 የመንግሥት ዕዳ መክፈያ እንዲሆን ያሰበው ፈንድ ነበር። በኋላ የመሬት ግብር ላለመጨመር ብሎ ራሱ ከዚያው ፈንድ ወሰደ። እርስዎ ሒሳቡን ቢመረምሩ ያልፉለት ነበር? እሑድ ስደውል ይንገሩኝ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ