ክላርኔትና የደብረ ብርሃን ውርጭ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በሰሜን ሸዋ ክላርኔት የሚያስተምር ባለሙያ ሲቀጠር አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው የማስተማሪያው ክፍል ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ከባድ ነው፤ አየሩም ደረቅ። በዚያ ላይ ትኩስ ትንፋሽ ሲገባበት የእንጨት ክላርኔት ውስጠኛ ክፍል ቶሎ ይለጠጣል፣ ውጪው ግን እንደቀዘቀዘ ይቀራል። ያኔ ክላርኔቱ ይሰነጠቃል፤ በተለይ የላይኛው ክፍል። ስለዚህ መሣሪያውን ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ 10 ደቂቃ ያህል በብብት ማሞቅ፣ በለስላሳ ድምፅ መጀመር፣ በየ20 ደቂቃው ውስጡን በጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። ለጀማሪ ፕላስቲኩ ይሻላል።

ከሳክስፎን የሚሻገሩ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። የሳክስፎን ኦክታቭ ቁልፍ ድምፁን 8 ደረጃ ከፍ ሲያደርገው፣ የክላርኔቱ 12 ደረጃ ያዘልለዋል። የጣት አቀማመጡ ስለሚለወጥ፣ ትዝታን በታችኛው ድምፅ አሳምሮ የሚነፋ ልጅ ወደ ላይ ሲወጣ ይጠፋበታል። ሲጢጥ የሚለውም ብዙ ጊዜ ጣቱ ቀዳዳውን በደንብ ስላልደፈነ ነው፤ ሪዱ (አፍ ውስጥ ገብቶ የሚንቀጠቀጠው ቀጭን ሸምበቆ) ከመለወጡ በፊት የቀለበት ጣቱ ይታይ።

ይህን መድረክ ላይ የሚውል መምህር በጆሮው ብቻ ይለየዋል። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ መጫወቱን እንደ ጥፋት የምትቆጥሩ አሠሪዎች ሆይ፣ የሰኞን ትምህርት ወደ ከሰዓት አዙሩለት፤ ያኔ ክፍሉም ይሞቃል።

ከደብረ ብርሃን