የጎፍ ሳይቃጠል በፊት እንድረስለት፦ ለዘንድሮ በጋ የእሳት መከላከል ሥራ የድጋፍ ጥሪ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልን የወሎ ልጆች! ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ቃሉ፣ አልብኮ ያላችሁ፣ አዲስ አበባና አረብ ሀገር፣ አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁም ሁላችሁም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ በላይ ስላለው ስለ የጎፍ ተራራ ደን ነው። አልሀምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ላይ ምንም አልሆነም፣ እሳትም የለም። የምጽፈውም ለዛ ነው፣ ሳይነሳ በፊት የሚሠራ ሥራ ስላለ።

እኛ ጥሩ ሕዝብ ነን፣ ተቃጠለ ሲባል ሁሉም ይሮጣል፣ ገንዘቡም ይዋጣል፣ ቅጠል ቆርጦ የሚወጣውም ወጣት አይጠፋም። ግን ዳገት ላይ የተነሳ እሳት ሰው እስኪሰበሰብ አይጠብቅም፣ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሽቅብ የሚሄድበት ፍጥነት በግምት እጥፍ እንደሚሆን ባለሙያዎቹ ይናገራሉ፣ የጎፍ ደግሞ ሁሉ ነገሩ ዳገት ነው። አሁን አዝመራው እየተሰበሰበ ነው፣ ሳሩም መድረቅ ጀምሯል፣ ከጥር በኋላ በልጉ ከዘገየ ወይ ከቀረ እስከ ክረምት መግቢያ ያለው ጊዜ በሙሉ የስጋት ጊዜ ነው፣ ሰኔ ራሱ እኛ ጋ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መሥራት ያለብን ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው።

ኮምቦልቻ ቆማችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ደን ዝም ብሎ የበቀለ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጽዱና ወይራው የጥንት ነው፣ ባህር ዛፉና የፈረንጅ ጽዱ ግን የሰው እጅ ነው። ከ1966ቱ እና ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወሎ ውስጥ እናት አባቶቻችን በእርዳታ ስንዴና ዘይት እርከን እየሠሩ ችግኝ እየተከሉ ስንት ራቁቱን የቀረ ተራራ አለበሱ፣ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ከዛ ልፋት ብዙው በአጭር ጊዜ ተጨፍጭፎ አለቀ። ከዛ ሁሉ ተርፎ የቆመ ደን በአንድ ቀን ንፋስ ከሄደ ለልጆቻችን ምን ብለን እንነግራቸዋለን? እኔ ይሄን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ እውነቴን ነው።

ጽድ አንዴ ከተቃጠለ እንደ ወይራ ወይ እንደ ባህር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፣ ሞተ ማለት ሞተ ነው፣ በዘር እንደገና በቅሎ ትልቅ ዛፍ እስኪሆን የሰው ዕድሜ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ውሃው ነው። የተቃጠለ ተዳፋት ክረምት ሲገባ አፈሩን የሚይዝለት ሥር የለውም፣ ዝናቡም አይሰርግም፣ ጎርፉ ጭቃና ድንጋይ ይዞ ቁልቁል ነው፣ ከታች ደግሞ ማሳ አለ፣ ምንጭ አለ፣ ቦርከና አለ፣ ከተማው አለ። ኮምቦልቻ ያለው ነጋዴ ደኑ የገበሬው ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ከሆነ ተሳስቷል።

ስሜን ተራሮች ላይ በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ የሆነውን አስታውሱ። ጠፋ ከተባለ በኋላ እንደገና ተነሳ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ እሳቱን ፊት ለፊት የተጋፈጠው ቅጠልና አካፋ የያዘ የአካባቢው ሰው ነበር። በ1992 ባሌና ቦረና ላይ የተነሳውም እንደዛው ከውጪ ሀገር ሳይቀር እርዳታ አስፈልጎታል፣ ስንት ሺህ ሄክታር ካወደመ በኋላ። ሄሊኮፕተር መጠበቅ አንችልም፣ ቢመጣም ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

እና ምን ልንሠራ ነው? ዋናው ሥራ ሳሩ ላይ ነው። ብዙ ሰው ዛፉ የሚቃጠል ይመስለዋል፣ መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ግን ሳሩ፣ የረገፈው ቅጠል፣ የባህር ዛፉ ልጣጭና ጭራሮው ነው፣ ዛፉ ላይ የሚወጣው ከዛ ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ዘይት ስላለው ልክ ጋዝ እንደተርከፈከፈበት ነው የሚነደው። ስለዚህ በደኑ ጠርዝና በተመረጡ ሸንተረሮች ላይ ከ6 እስከ 10 ሜትር የሚሰፋ ባዶ መስመር እንጠርጋለን፣ ሳሩ ይታጨዳል፣ ጭራሮው ይለቀማል፣ መሃሉ በዶማ እስከ አፈሩ ይፋቃል። ሽማግሌዎቹ ያመጡት ሃሳብ ነው እኔን በጣም ደስ ያለኝ፦ የታጨደው ሳር እዛው ተከምሮ እንዳይቀር ለአጫጆቹ ይከፋፈል፣ ከብት ለሌላቸው አቅመ ደካሞችም ሽጠው እንዲጠቀሙበት ድርሻ ይሰጣቸው። የበጋ መኖ ስንት እንደሚያወጣ ገጠር ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ደኑ መኖ የሚሰጠው ሰው ደሞ ደኑን አያቃጥልም፣ ሌላው ሲያቃጥልም ዝም ብሎ አያይም።

ማር ቆራጮቻችንንም አንርሳ። ሁሌ እነሱ ላይ ጣት ይቀሰራል፣ ግን ሰውየው ጭስ ካላጨሰ ንቡ ይገድለዋል፣ በእጁ ያለው ደግሞ የተቀጣጠለ ጨርቅና ኩበት ብቻ ነው፣ አንድ ፍንጣሪ ደረቅ ሳር ላይ ከወደቀች አለቀ። መፍትሄው ማባረር አይደለም፣ እሳቱ ከውስጥ የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ማጨሻ፣ ጓንትና የፊት መከለያ እንግዛላቸው። ከሚሰበሰበው ብር አንዱ ድርሻ ለዚህ ነው። ከሰል የሚያከስሉትንና እረኞቹንም ቁጭ ብለን እያነጋገርን ነው፣ ኢማሙም ቄሱም በየፊናቸው ሊናገሩ ቃል ገብተዋል።

የቀረው መሣሪያ ነው። በየጎጡ ለሚመሰረተው ቡድን አካፋ፣ ዶማ፣ ገጀራ፣ መንሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ቦቲ ያልሆነ የቆዳ ጫማ (ቦቲ ጫማ ፍም ላይ ይቀልጣል፣ ናይለን ልብስም ሰውነት ላይ ይጣበቃል፣ የጥጥ ልብስ ነው የሚፈለገው)፣ እና ገበሬው ለመድኃኒት የሚጠቀምበት ዓይነት 16 ሊትር የሚይዝ በጀርባ የሚታዘል መርጫ። መርጫው ትልቅ እሳት አያጠፋም፣ ጥቅሙ ከጠፋ በኋላ ግንድና ሥር ውስጥ የተዳፈነውን ፍም ለመጨረስ ነው፣ እሳት በማግስቱ እንደገና የሚነሳው ከዛ ነው። ለቡድኖቹ ሥልጠናም ይኖራል፣ ከእሳት በላይ ዳገቱ ላይ መቆም ሰው እንደሚገድል ሁሉም ማወቅ አለበት፣ ደን ለማዳን ብለን ልጅ መቅበር አንፈልግም። በደረቁ ወራት ደግሞ ከፍታ ላይ እየተፈራረቁ የሚጠብቁ ሰዎች ይኖራሉ፣ ለነሱ የቀን አበልና የሞባይል ካርድ ያስፈልጋል።

ጉልበቱን አትጨነቁ፣ ጉልበት በደቦ አለ። የጎደለን ብር ነው። 100 ብር የቻለ 100 ብር፣ አንድ አካፋ የቻለ አካፋ፣ ሱቅ ያላችሁ እቃ በአይነት ስጡን። አሰባሰቡ በየቅሬው (በየእድሩ) ነው፣ ለራሳችሁ ቅሬ ዳኛ ትሰጣላችሁ፣ ስማችሁ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ። ውጪ ያላችሁ በቤተሰባችሁ ቅሬ በኩል ላኩ፣ በግል ስልክና በግል አካውንት ላኩልኝ የሚል ሰው ካገኛችሁ ከእኛ አይደለም፣ እንዳትልኩ። ገንዘቡ ከባንክ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፣ አንዷ ከሴቶቹ ናት፣ የተገዛው እቃ ዝርዝርና ዋጋ ቅሬ በተሰበሰበ ቁጥር ይነበባል። ቀብር ላይ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል በአንድ ቅሬ እንደምንቆመው እዚህም እንቁም ነው የምለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ህዳር 12 ቆሻሻ ስታቃጥሉ ደን ጥግ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ዘንድሮ ይቅርባችሁ፣ ወይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ፍሙ እስኪበርድ አትሂዱ።

የመስመሩ ጠረጋ የሚጀመረው የጤፉ ውቂያ እንዳለቀ ነው። ያላችሁን እስከዛ አድርሱልን፣ መምጣት የምትችሉ ደግሞ ማጭዳችሁን ሞርዳችሁ፣ የጥጥ ልብስ ለብሳችሁ ኑ፣ ቡናውና ንፍሮው እኛ ጋ ነው።