የኮምፒዩተር ክበብ ዘገባ፦ ፖስትስክሪፕትን መማርና እርዳታ መጠየቅ

የኮምፒዩተር ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ዋና ሥራው አድርጎ የያዘው ፖስትስክሪፕት የተባለውን የገጽ መግለጫ ቋንቋ (በአንድ ገጽ ላይ ምን የት እንደሚሣል ለማተሚያ የሚነገርበትን የፕሮግራም ቋንቋ) መማር ነበር። ቋንቋውን ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ የመሠረቱት አዶቢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት በአፕል ሌዘርራይተር ማተሚያ ውስጥ ገብቶ የኅትመትን ሥራ ከትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ወደ ቢሮ ጠረጴዛ አውርዶታል። የመረጥነው አዲስ ስለሆነ አይደለም፤ ዕድሜው ከተማሪዎቹ ይልቅ ለእኔ ይቀርባል። ሆኖም ፕሮግራሙ በማንኛውም ተራ የጽሑፍ መክፈቻ ስለሚጻፍ፣ ያን አንብቦ ገጹን የሚሥለው ጎስትስክሪፕት የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ስለሚገኝና በቤተ ሙከራችን አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ ለእኛ አቅም የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

በፖስትስክሪፕት ቁጥሩ ይቀድማል፣ ትእዛዙ ይከተላል። ቁጥሮቹ በቁልል ላይ ይቀመጣሉ፤ በመሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራም መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሣል። የገጹ መነሻ ነጥብ ከታች በግራ ጥግ ሲሆን መለኪያው «ነጥብ» የሚባለው የኢንች 1/72 ነው፤ ስለዚህ የኤ4 ወረቀት ወርዱ ወደ 595፣ ቁመቱ ወደ 842 ይጠጋል። (ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፉ ቢሆኑም በዚህ ዘገባ ድምፃቸውን በፊደላችን አስፍሬያለሁ።)

መስመርና ክብ መሣሉ ብዙ ጊዜ አልወሰደብንም። ጊዜ የወሰደው ፕሮግራሙ እንቢ ሲል ምን ብሎ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ማወቁ ነበር። በማተሚያ ቤት በገጽ ዝግጅት ላይ የሚሠሩ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ጥያቄዎቻችንን በቴሌግራም ለመመለስ ፈቃደኛ ሆኑልን። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይልኩላቸው የነበረው ግን የኮምፒዩተሩን ስክሪን የታችኛውን መስመር ፎቶ አንሥተው «አልሠራ አለን» የሚል መልእክት ነበር። ያ የታችኛው መስመር ፕሮግራሙ በስሕተት መቆሙን እንጂ ስለምን እንደቆመ አይናገርም። ባለሙያው የመለሱት ባጭሩ ነው፦ «ልጆች፣ ከላይ ያለውን ላኩልኝ፤ የታችኛው ለሁሉም ስሕተት አንድ ነው።»

በእርግጥም ጎስትስክሪፕት ከላይ የስሕተቱን ስምና ስሕተቱ የተፈጠረበትን ትእዛዝ ይጽፋል፤ ቀጥሎም በዚያች ቅጽበት በቁልሉ ላይ የነበረውን ሁሉ ይዘረዝራል። አንድ ተማሪ «72 ሙቭቱ» ብሎ ጽፎ («ሙቭቱ» በሁለት ቁጥር ወደተገለጸ ቦታ ሂድ ማለት ነው) «ስታክአንደርፍሎው»፣ ማለትም በቁልሉ ላይ በቂ ነገር የለም፣ የሚል መልእክት ሲመጣበት፣ በዝርዝሩ ውስጥ 72 ብቻዋን መቀመጧን አይቶ ሁለተኛው ቁጥር መቅረቱን ራሱ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ በክበቡ ውስጥ አንድ ደንብ ጸደቀ፦ ጥያቄ የሚልክ ሁሉ መልእክቱን ከላይ እስከ ታች ሙሉውን፣ የጎስትስክሪፕቱን የስሪት ቁጥርና ስሕተቱን አሁንም የሚያሳየውን እጅግ አጭሩን ፕሮግራም አያይዞ ይልካል።

ከሦስቱ ትልቁን ጥቅም የሰጠው ማሳጠሩ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለምናዘጋጀው መጽሔት ሽፋን በብራና መጻሕፍት አናት ላይ እንደምናየው ዓይነት ሐረግ ስታዘጋጅ፣ አንዱን ቋጠሮ በየ36 ነጥብ እንዲደጋግም ብታዝዘውም ቋጠሮዎቹ እየተራራቁ ሄደው ከወረቀቱ ወጡባት። የስሕተት መልእክት አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ችግር ለመጠየቅም ለመመለስም ከሁሉ ይከብዳል። ቀለሙን፣ ቀጥሎም የቋጠሮውን ቅርጽ አውጥታ በቦታው አንዲት ነጥብ ብቻ ስታስቀር፣ ነጥቦቹ በ0፣ በ36፣ በ108 እና በ216 ላይ እንደሚያርፉ አየች። «ትራንስሌት» የተባለው ትእዛዝ የገጹን መነሻ በየዙሩ ካለፈው ላይ እየደመረ ያንቀሳቅሰው ነበርና፣ እያንዳንዱን ዙር ያለውን ሁኔታ በሚያስቀምጠው በ«ጂሴቭ» እና ወደዚያው በሚመልሰው በ«ጂሪስቶር» መካከል ስታስገባው ሐረጉ ተስተካከለ። ጥያቄው ሳይላክ ቀረ። ከዚያ ወዲህም ለመላክ ሲዘጋጁ በመንገድ ላይ የተፈቱ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ እንደ አስተማሪ ከምንም በላይ ያስደሰተኝም ይኸው ነው።

የባለሙያውን ምክር የግድ ያስፈለገው የራሳችን ፊደል ጉዳይ ነበር። ተማሪዎቹ «ሰላም» ብለው ጽፈው ጽሑፍን በገጹ ላይ በሚያሰፍረው በ«ሾው» ትእዛዝ ሲያሳትሙት በወረቀቱ ላይ የወጣው ኤ እና ኢ የተጣበቁበት የላቲን ምልክት ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ ባዶ ቦታ እየተተወ ነው። ሦስት ፊደል ሦስት ምልክት መስጠቱ ፎንቱ ተበላሽቷል ወደሚል ግምት መራቸው። የባለሙያው ማብራሪያ ግን ሌላ ነበር፦ የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚመዘግበው በዩኒኮድ፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፋይል አጻጻፍ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒዩተር የመረጃ መለኪያ) ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው፤ «ሾው» ደግሞ እያንዳንዱን ባይት ራሱን እንደቻለ ፊደል ቆጥሮ ባለ256 ቦታ ሰንጠረዥ ውስጥ ይፈልገዋል። ቋንቋው ሲወጣ ፊደላችን ገና በዩኒኮድ አልገባም ነበር፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ ሰንጠረዡ ይሞላና ይተርፋል።

መፍትሔውም ከዚሁ ተገኘ። በአንድ ገጽ ርእስና አርእስተ ጉዳይ ውስጥ የሚገኙት የተለያዩ ፊደላት ከ256 እጅግ ያነሱ ስለሆኑ፣ እነርሱን ብቻ የያዘ አዲስ ሰንጠረዥ ተዘጋጀ፤ ለእያንዳንዱ ቦታም ፊደሉ በፎንቱ ውስጥ የሚጠራበት ስም ተሰጠ። የስሙ አሰጣጥ ከፎንት ፎንት ስለሚለያይ አስቀድሞ ፎንቱን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የአማርኛውን ጽሑፍ ወደ አዲሱ ሰንጠረዥ የሚቀይር አጭር ፕሮግራም ፓይተን በተባለ ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉ።

የትምህርት ቤታችን ማተሚያ ፖስትስክሪፕት ስለማያነብ ገጾቹ በጎስትስክሪፕት ወደ ፒዲኤፍ ተቀይረው ታትመዋል። ለመጪው ዓመት የተላለፉ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣው ከሁለተኛው ደረጃ (የቋንቋው ሁለተኛ ዕትም) ጀምሮ በቋንቋው የተካተተውን ጥምር ፎንት፣ ማለትም ብዙ ፎንቶችን በአንድ የሚያጣምረውን፣ ተጠቅሞ ሙሉውን ፊደል ያለ ሰንጠረዥ ገደብ ማሳተም ነው። ሁለተኛው፣ «ሾው» መስመር መስበር ስለማያውቅ፣ የቃላትን ስፋት በ«ስትሪንግዊድዝ» እየለካ የአማርኛ አንቀጽን በዓምድ የሚያሰልፍ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ መስመር ከአራት ነጥብ እንዳይጀምር የማድረጉን ሥራ የወሰዱት ተማሪዎች ከወዲሁ ጀምረዋል።