ልክ ነበርሽ፣ ክሊፍሮዝ ነው

እህትዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ስቀር ሰበብ አላጣሁም፤ ግን አንዱም ለአንቺ የሚነገር አይደለም። አሁን ብዕር ያስነሳኝ አሜሪካ፣ ዩታ፣ ካፒቶል ሪፍ ፓርክ ላይ የተጣላንበት ቁጥቋጦ ነው። አንቺ «ክሊፍሮዝ ነው» ስትዪ እኔ «አፓቺ ፕሉም ነው» ብዬ ድርቅ ያልኩበት። እስከ ማታ ድረስ አኩርፌሽ እንደነበር አልረሳሽውም መቼም።

በግንቦት ብቻዬን ተመለስኩ። ከቀዩ ገደል ሥር፣ ቁመቱ እኔን በልጦ፣ በአበባ ተሸፍኖ ቆሟል። ሳልደርስበት ሽታው ተቀበለኝ። አምስት መልካበባ፣ ወተት ላይ ቅቤ ጠብ ያለበት የሚመስል ቀለም። ለነገሩ አፓቺ ፕሉምም አምስት ነጭ መልካበባ አለው፤ የሁለቱም ዘር ላባ የመሰለ ጅራት ያወጣል። ያሳተኝ ይኸው ነው። ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ነው፦ አፓቺ ፕሉም ከአንዲት አበባ ከሃያ በላይ ጅራት አንጨባርሮ ከሩቅ ሐምራዊ ጢስ ይመስላል፤ ያንቺው አምስት ስድስት ነጣ ያሉ ጅራቶች ብቻ። ተንበርክኬ አሥራ ሁለት አበባ ቆጠርኩ። አንዱም ሃያ አልደረሰም።

ይባስ ብሎ ቅጠሉ አጋለጠኝ። ከጥፍሬ ያነሰ፣ ጫፉ እንደ ጣት የተከፋፈለ፣ ላዩ በጥቃቅን የሙጫ ነቁጦች የተዘራ። አፓቺ ፕሉም ይሄ ሙጫ የለውም። ፓርክ ውስጥ መቅጠፍ ክልክል ስለሆነ አሸት አደረግኩትና ጣቴን ላስኩ። ኮሶ! ምራቄን ስተፋ ቆየሁ። ቤት ገብቼ ሳነብ ደግሞ ሥጋ ዘመዳሞች ሆነው አገኘኋቸው፤ ኮሶም፣ ቀጋም፣ ይሄም የጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸው። አጋዘን ግን በበረዶው ወራት ይሄንኑ ክሊፍሮዝ ነው የሚቀነጥበው፤ ምላሱ ከምን እንደተሠራ እንጃ።

ሳይንሳዊ ስሙ የስታንስበሪ ነው፤ በ1849 እና በ1850 ታላቁን የጨው ሐይቅ የቀየሰው መኮንን። እኔን ብትጠይቂኝ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለሆኑት ለሆፒ እናቶች ይገባ ነበር። በረጃጅሙ የሚላጠውን ልጡን አለስልሰው የሕፃን መኝታ ይደለድሉበት ነበር።

ፎቶዎቹን አብሬ ልኬልሻለሁ። ሦስተኛውን አጉይና ጅራቶቹን ቁጠሪ። ስድስት ካልሆኑ ጻፊልኝ፤ ስድስት ቢሆኑም ጻፊልኝ።

ያቺው ግትር ጓደኛሽ