ለቀጣዩ ውይይታችን፦ ንጉሥ እንዴት ይሣላል?

ውድ የሥዕል ወዳጆች ማኅበር አባላት፣

በቀጣዩ ስብሰባችን የምንወያየው ነገሥታት በሥዕልና በቅርጽ ስለተገለጡበት መንገድ ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ጥቂት ሥራዎችን ረጋ ብላችሁ እንድትመለከቱ አደራ እላለሁ።

በካይሮ ያለው የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የናርመር ሰሌዳ (ሥዕል የተቀረጸበት ድንጋይ) 5000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ንጉሡ ዱላውን በተንበረከከ ምርኮኛ ላይ አንሥቷል፤ ጫማውን ይዞ ከኋላው የቆመው አገልጋይ ግን እጅግ አንሶ ይታያል። ማዕረግ የሚለካው በቁመት ነው። በዛሬዋ ናይጄሪያ የነበረው የቤኒን መንግሥት የናስ ቅርጾችም ኦባቸውን፣ ማለትም ንጉሣቸውን፣ በዚሁ ዘዴ ያጎላሉ።

ከሁሉ በላይ እንድታተኩሩ የምፈልገው በአድዋ ሥዕሎቻችን ላይ ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ሆነው ይታያሉ። አሁን ዓይኖቹን ተመልከቱ! የወገን ፊት ከነሁለት ዓይኑ ወደ እኛ ዞሯል፤ ጠላት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ተሥሏል። ሠዓሊዎቹ ይህን ሥርዓት የወሰዱት ቅዱሳንን በሙሉ ፊት፣ ሰይጣንን በጎን ከሚሥለው የቤተ ክርስቲያን ጥበብ ነው። በዚህም የ1888ቱን ጦርነት ከፖለቲካ አልፈው የእምነት ጉዳይ አድርገውታል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ድፍረታቸው ነው።

ስፔናዊው ሠዓሊ ቬላስኬዝ ደግሞ በ1656 እ.ኤ.አ. በሣለው «ላስ ሜኒናስ» በተባለው ሥዕል ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛንና ንግሥቲቱን በግድግዳ መስታወት ውስጥ ብቻ፣ ደብዘዝ አድርጎ አሳይቷል። ለምን ይመስላችኋል? በሰፊው እንከራከርበታለን።

በቤታችሁ የቆየ የነገሥታት ሥዕል ካለ ይዛችሁ ኑ። ማምጣት ካልተመቻችሁ ፎቶግራፉን አስቀድማችሁ ላኩልኝ፤ አትሜ አዘጋጃለሁ።