ጥቅምት ሳይገባ መልሺልኝ

አራት ኪሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አልኩና ሳቄ መጣ። ብዋሽሽም ታውቂብኛለሽ። ስለጠፋሁ ይቅርታ። አንቺም ጠፍተሻል፣ ተቻቻልን። ሐዋሳ ተስማምቷታል፣ ወፍራለችም ይሉኛል፣ ደስ ብሎኛል። በቃ፣ ሰላምታው አለቀ።

ክሱን ላነሳው ነው።

ድገሚና አንብቢው። አዎ፣ ወንድምጋሼ የፈረሰውን ቤታችንን ካሣ ወሰደ ብዬ የከሰስኩትን፣ አንቺ "በወንድምጋሼ ላይ ቆሜ አልምልም" ብለሽ ስልክ የዘጋሽብኝን ክስ። አሁንም ቢሆን መመስከር ነበረብሽ ባይ ነኝ። እማማ ነፍሷን ይማርና የተናገረችውን ከኔ እኩል ሰምተሻል። እሱን አቋሜን አላነሳሁም፣ የማነሳው ክሱን ነው።

አነቃቂ ንግግር ሰሚ ሆነች እንዳትዪ ብቻ። እርግጥ መሥሪያ ቤታችን በነሐሴ አንድ አሠልጣኝ አምጥቶልን ነበር። ወረቀት አደለንና "የከበዳችሁን ጻፉ፣ ቅደዱና ጣሉት፣ አዲሱን ዓመት ቀልላችሁ ተቀበሉ" አለን። ሰው ሁሉ ሲቀድ እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። የኔ እኮ ማኅተም ያረፈበት ነው፤ እኔ ብቀደው መዝገብ ቤት ያለው ይቀራል? (ሰውዬው ግን መልከ መልካም ነበር፣ ይህን ሳልነግርሽ አላልፍም።)

ምን ነካሽ ካልሽኝ፣ ደከመኝ። የክሱን ወረቀት የያዘውን ሰማያዊ ክላሰር ታውቂው የለ፣ እማማ ሣጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ ከነጠላዎቿ ጋር። ለፍልሰታ አንዱን ልለብስ ብዬ ስስበው የክላሰሩ ብረት ጥለቱን ይዞት ኖሮ ክሩ ተመዘዘ። አረንጓዴውና ወርቅማው ጥለት፣ ጥምቀት ጥምቀት የምትለብሰው። ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ለክር አለቀስኩልሽ። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሆዴን ሲቆርጠኝ ይሰነብታል። ልጄን "ከአጎትሽ ልጅ ጋር እንዳታወሪ" ብያት ነበር፤ ለካ እነሱ በቴሌግራም ሲጻጻፉ ነው የከረሙት። የበዓል ልብስ ቀለም ሳይቀር ተማክረው መርጠዋል! ልቆጣ አስቤ ሳቅ አመለጠኝ።

ጠበቃው ስነግረው አላመነኝም። "ልናሸንፍ ነው እኮ" አለኝ። በኋላ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱን ሕግ አውጥቶ ቁጥር 278ን አስረዳኝ። ክሱን ዝም ብዬ ካነሳሁት በዚያው ጉዳይ ሁለተኛ መክሰስ የለም። በቂ ምክንያት አቅርበን ፍርድ ቤቱ ከፈቀደልን ግን እንደ አዲስ የመክሰስ መብቴ እንደተጠበቀ ይቆያል። "ፈቃዱን እንጠይቅ፣ ሰው ነሽ፣ ነገ ሐሳብሽ ቢለወጥስ?" አለኝ። ክፋት የለውም፣ ሥራው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ይህችው ነገር ናት የምታብሰለስለኝ። መብቴን አስጠብቄ ይቅር አልኩ ማለት ምን ማለት ነው? በዓል በመጣ ቁጥር እቤቱ ዶሮ ወጥ እየበላሁ በልቤ "ዛሬ ቢያስቀይመኝ እከሰዋለሁ" ልል ነው? ደግሞ መለስ እልና፣ ገንዘቡ የልጄም እኮ ነው እላለሁ። የዘንድሮን የትምህርት ቤት ክፍያ ብታዪ ታምሚያለሽ። እኔ ልቅለል ብዬ የሷን ድርሻ ብጥል፣ አድጋ ስትጠይቀኝ ምን እመልስላታለሁ? እርቅ ተፈራርመን ፍርድ ቤት ማጽደቅም ይቻላል ብሎኛል። እሱ ግን ከወንድምጋሼ ጋር ፊት ለፊት መቀመጥን ይጠይቃል፣ የጠፋውም ይኸው መቀመጡ ነው።

አሁን ደግሞ የትናንቱን ስሚ።

ትናንት ሩፋኤል አልነበር? ከሥራ ስወጣ ዝናቡ ጀመረ። እንደ እማማ ጣሳ ደቅኜ ባልቀበለውም አናቴን ይንካኝ ብዬ ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። አንቺ የምታውቂው ፒያሳ የለም። እነ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሱ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመር ወጥቶለታል፣ የመብራቱ ብዛት ሌላ ነው። ማታ ያምራል፣ አልዋሽሽም። እኔ ግን አቅጣጫ ይጠፋኛል፤ ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር ከዓድዋ መታሰቢያው እየተነሳሁ ነው የምለካው።

እዚያ ወንድምጋሼን አየሁት። ትንሹን ልጁን ይዞ ቆሟል፣ በጣቱ እያሳየ "በራችን እዚህ ጋ ነበር" ይለዋል። እዚህ ጋ አልነበረም! ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ እሱ ያሳየውማ ለስላሳ እየተላክን የምንገዛበት ሱቅ የነበረበት ነው። ልናገር አፌን ከፍቼ ዋጥኩት። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል፣ ስኳሩ ጨርሶታል። ልጁ ጫማውን አውልቆ ዝናቡ ውስጥ ይጨፍራል፣ እሱ የልጁን ጫማ ባንድ እጁ አንጠልጥሎ ቆሞ ዝናብ ይመታዋል። በሰው መሐል ተሸጉጬ አለፍኩ።

አዘንኩለት አልልሽም። እንዲያውም የበሩን ቦታ እንኳ ሳያውቅ ካሣውን ወሰደ እያልኩ ተቃጥዬ ነው የገባሁት። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ሕፃን የተሳሳተ ቦታ ይዞ ሊያድግ ነው። ከኔ ሌላ ማን ያርመዋል?

ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ነው፣ ግድቡ ተመረቀ። እልልታው ግድግዳ አልፎ ይመጣል። 14 ዓመት የተጠበቀው እንኳ አለቀ፣ የኔ ጉዳይ ማለቂያው መቼ ነው እያልኩ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ ጽሕፈቴን ታገሺ።

እንግዲህ ልመናዬ… እንዴት እንደምለው ጨነቀኝ። ሐሙስ እንቁጣጣሽ ልጄን ይዤ እሱ ቤት ልሄድ አስቤያለሁ። አበባየሆሽ ብላ ትግባለት፣ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ። ግን በሩን ቢዘጋብኝስ? ለኔ ምንም አይደል፣ ልጅቷ ፊት እንዳይሆን ነው የፈራሁት። እኔ ልደውልለት አልችልም፣ ጣቴ ቁጥሩ ላይ ይደርስና ይመለሳል። አንቺን ይሰማሻል። ያኔ አልምልም ማለትሽን ሰምቶ እንደነበር ታውቂያለሽ? ሚስቱ ናት የነገረችኝ። ነገ ማታ ችቦ ሳይለኮስ ደውይለትና ቤት መሆኑን ብቻ ጠይቂው። ስለ ክሱ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፣ እሱን እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። ከቻልኩ።

ደግሞ ምን ይዤ ልሂድ? ከስኳሩ ጋር ኬክ አይሆን፣ ባዶ እጄን አልሄድ። ዳቦ ልድፋ ይሆን? የኔን ዳቦ ታውቂዋለሽ፣ አትሳቂ።

ስለ አንቺ ምንም ሳልጠይቅሽ ገጹ አለቀ። ስትደውዪልኝ ሁሉንም አንድ ባንድ ትነግሪኛለሽ፣ የዚያን የባንክ ሰውዬ ነገርም ጭምር። ፍርድ ቤት ለክረምት ዝግ ስለሆነ የፈቃዱ ነገር ጊዜ አለው፤ ጠበቃው መልስ የሚፈልገው ጥቅምት ላይ ነው። አንቺ ብትሆኚ ፈቃዱን ትጠይቂ ነበር ወይስ ትተዪዋለሽ? ለኔ አስበሽ ሳይሆን የመሰለሽን ንገሪኝ።

ያንቺው ነገረኛ